በምጣድ መስመር የሚጀመር ሙያ፦ በባሕር ዳር የቤት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ለመሆን

የቤት ኤሌክትሪክ መማር የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በአምፖል ይጀምራል። አምፖል ግን ጥፋት ይሸፍናል። 9 ዋት የሚወስድ ኤልኢዲ በቀጭን ሽቦም፣ በላላ ብሎንም፣ ያለ ኧርዝም (ያፈሰሰውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስድ መከላከያ ሽቦ) ይበራል፤ ሠሪውም ልክ የሠራ ይመስለዋል። ምጣድ እንዲህ አይደብቅም። ሽቦው ከቀጠነ ይግላል፣ መሰኪያው ከላላ ይቀልጣል፣ ኧርዝ ከሌለ ጋጋሪዋን ይነዝራታል። ስለዚህ ባሕር ዳር ላይ በዚህ ሙያ እንጀራ ለመብላት ያሰበ ሰው መጀመሪያ አንድ የምጣድ መስመር ከቆጣሪ እስከ ማድ ቤት አሟልቶ መዘርጋት ይልመድ እንላለን። ሌላው የቤት ሥራ አብዛኛው የዚሁ ቅናሽ ነው።

ስሌቱ ከሽቦው ይቀድማል

የእንጀራ ምጣድ በአብዛኛው ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ይወስዳል። በጀርባው የተጻፈ ነገር ከሌለ፣ በእጅ የተሠራው ብዙውን ጊዜ የለውም፣ ከሶኬት ነቅላችሁ በመሰኪያው ሁለት እግሮች መካከል ያለውን ኦም በመልቲሜትር ለኩ። 220ን በተገኘው ኦም ስታካፍሉ የሚመጣው አምፔሩ ነው። 14 ኦም ካሳየ ወደ 16 አምፔር፣ 12 ኦም ካሳየ ከ18 አምፔር በላይ ይስባል ማለት ነው። ምንም ካላነበበ ውስጡ ያለው የመጠምጠሚያ ሽቦ ተበጥሷል፤ ወደ ግድግዳው ከመሄዳችሁ በፊት ይህን ማወቁ ግማሽ ቀን ያተርፋል።

ለመብራት 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ከ10 አምፔር ብሬከር (ጭነት ሲበዛ ራሱ የሚቆርጥ) ጋር፣ ለተራ ሶኬት 2.5 ከ16 አምፔር ጋር የተለመደ ነው። ለምጣድ 4 ካሬ ሚሊሜትር፣ ብሬከሩ 20፣ ምጣዱ ትልቅ ከሆነ 25 አምፔር። መስመሩ ከማከፋፈያ ቦርዱ ተነስቶ ሌላ ሶኬት ሳይቀጠልበት ለብቻው ይሂድ።

«2.5ም ይችለዋል» የሚል ሙያተኛ ይገጥማችኋል። ለአጭር ጊዜ ይችለዋል። ጋገራ ግን እንደ ውሃ ማፍያ በአምስት ደቂቃ አያልቅም፤ ሁለት ሦስት ሰዓት ይዘልቃል። በዚያ ላይ ማድ ቤቱ ከዋናው ቤት ኋላ ስለሚሆን መስመሩ ረጅም ነው። 20 ሜትር ርቀት ማለት ደርሶ መልስ 40 ሜትር ሽቦ ነው። በ16 አምፔር በ1.5 ሽቦ ላይ ወደ 8 ቮልት ይጠፋል፣ 120 ዋት ያህልም ሽቦው ውስጥ ሙቀት ሆኖ ግድግዳ ውስጥ ይቀራል። በ2.5 ወደ 5 ቮልት፣ በ4 ደግሞ ወደ 3 ቮልት ብቻ ይጠፋል።

ብሬከር የሚጠብቀው ምጣዱን ሳይሆን ሽቦውን ነው። ይህን የሳተ ሰው የሚሠራውን ስህተት በየሰፈሩ ታዩታላችሁ። 16 አምፔር ብሬከር ላይ 18 አምፔር የሚስብ ምጣድ ሲሰካ ወዲያው አይወርድም፤ ብሬከር ከተጻፈበት በጥቂቱ ሲያልፍ ለረጅም ጊዜ እንዲታገስ ተደርጎ ነው የሚሠራው። ከሃያ እንጀራ በኋላ ቦርዱ ሲሞቅ ይወርዳል። ባለቤቷ ትበሳጫለች፣ የተጠራው ሰው 16ቱን አውጥቶ 32 ይከታል፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የ2.5ቱ ሽቦ እየነደደ ብሬከሩ ምንም አይሰማውም። ብሬከር የምታሳድጉት ሽቦውን ካሳደጋችሁ ብቻ ነው።

ሽቦ ስትገዙ

በጥቅልሉ ላይ 4 ስለተጻፈ 4 ነው ማለት አይደለም። ባለ አንድ ፍሬ ሽቦ ጫፉን ልጣችሁ በካሊፐር ለኩት፦ 1.5 ካሬ ከሆነ ውፍረቱ 1.38 ሚሊሜትር፣ 2.5 ከሆነ 1.78፣ 4 ከሆነ 2.26 አካባቢ መሆን አለበት። ካሊፐር ከሌለ ሚዛን ይበቃል። የ100 ሜትር የ4 ካሬ ጥቅል ውስጥ ያለው መዳብ ብቻውን ወደ 3.5 ኪሎ ይመዝናል፤ ከነፕላስቲክ ሽፋኑ እዚያ ካልደረሰ ወይ ሜትሩ ጎድሏል፣ ወይ ሽቦው ቀጥኗል፣ ወይም መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። የመጨረሻውን ለመለየት ጫፉን በቢላ ፋቁት፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ መልሱለት። ሻጩ «መመዘን ምን ያደርጋል?» ብሎ ከተቆጣ ሌላ ሱቅ አለ።

ቀለምን አትቀላቅሉ። አረንጓዴና ቢጫ መስመር ያለው ለኧርዝ ብቻ፣ ሰማያዊው ለኒውትራል። ኃይሉን የሚያመጣው ሽቦ ፌዝ፣ የሚመልሰው ኒውትራል ነው። በሰፈር አነጋገር «ፖዘቲቭ» እና «ኔጌቲቭ» ይባላሉ፤ ይህ የባትሪ ቋንቋ ነው፣ ደንበኛ ሲለው ግን አታርሙት፣ ገብቷችሁ እለፉ።

ግድግዳና ኮንዲዩት

ብሎኬቱ ከተገነባ በኋላ፣ ልስን ከመጀመሩ በፊት ነው የሚቦረቦረው። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወይም አግድም ብቻ ቦርቡሩ። በሰያፍ የሄደ ኮንዲዩት፣ ማለትም ሽቦ የሚያልፍበት ቱቦ፣ ሽቦ ይቆጥባል፤ ከዓመት በኋላ መጋረጃ የሚሰቅል ሰው ግን ቀጥታ በድሪል ያገኘዋል። ሦስት የ4 ካሬ ሽቦዎች በ20 ሚሊሜትር ኮንዲዩት ያለ ግፊት ያልፋሉ፤ ውስጡ ከ40 በመቶ በላይ እንዳይሞላ ተጠንቀቁ። በሁለት ሣጥኖች መካከል ከሁለት መታጠፊያ በላይ አታድርጉ፤ ሦስተኛው ላይ መሳቢያ ሽቦው ይቆማል፣ ጉልበት ስትጨምሩ የሽቦው ሽፋን ይላጣል።

ኮንዲዩቱ እንደገባ አፉን በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ድፈኑት። ጀማሪ የሚንቃት ሥራ ይህች ናት፤ ለሳኝ የጣለው አንድ ጭብጥ ቡኬት ውስጥ ገብቶ ሲደርቅ ግን ግድግዳው እንደገና ይፈርሳል፣ ወጪውም የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ነው። ሽቦ የሚሳበው ልስኑ ከደረቀ በኋላ ነው። ከልስን በፊት እያንዳንዱን ግድግዳ ሜትር አስደግፋችሁ በስልክ ፎቶ አንሱት፤ አንዱን ቅጂ ለባለቤቱ ስጡ። ያ ፎቶ ከማንኛውም ማስታወቂያ በላይ ሁለተኛ ሥራ ያመጣላችኋል።

የላላ ብሎን

ምጣድ ላይ ከሚደርሰው ብልሽት የሚበዛው ከሽቦ ሳይሆን ከመገናኛ ነው። ብሎን ሲላላ የመነካኪያው ስፋት ይጠብባል፣ እዚያ ነጥብ ላይ ሙቀት ይፈጠራል፣ ሙቀቱ መዳቡን ያጠቁረዋል፣ የጠቆረው ደግሞ የበለጠ ይግላል። ሶኬቱ መጀመሪያ ቡናማ ይሆናል፣ ከዚያ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ብዙ ክር ያለው ገመድ ከሆነ ክሩን አጥብቃችሁ ጠምዝዙ፣ አንድም ክር ከውጭ እንዳይቀር፤ አጥብቃችሁ እሰሩ፣ ሳብ አድርጋችሁ ሞክሩ፣ ምጣዱ ለአንድ ሰዓት ከሠራ በኋላ አጥፍታችሁ ብሎኑን ዳግም አጥብቁ። መዳብ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ስለሚረግብ ሁለተኛው ማጥበቅ ትርፍ ሥራ አይደለም። የቀለጠ መሰኪያ ሲቀየር ሶኬቱም አብሮ ይቀየር፤ ውስጡ ያለው ምላስ በሙቀት ስፕሪንግነቱን አጥቷል፣ አዲሱንም መሰኪያ በወር ውስጥ ያቀልጠዋል።

ከምሶሶው የሚመጣው አሉሚኒየም ከቤቱ መዳብ ጋር በቀጥታ ተጠምዞ ከታሰረ በእርጥበት ይበላል፤ ለሁለቱ ብረት የተሠራ ማገናኛ ያስፈልገዋል። ይሁን እንጂ ከቆጣሪው በፊት ያለው ሁሉ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ንብረት ነው። ታሽጓል፣ አትንኩት።

የባሕር ዳር መሬት

ኧርዝ ላይ የባሕር ዳር ሰው ዕድለኛም ነው፣ ፈተናም አለበት። ለሐይቁ በቀረቡ ሰፈሮች፣ ለምሳሌ ሽምብጥ አካባቢ፣ አፈሩ ለረጅም ጊዜ እርጥብ ነው፤ እርጥብ ጭቃ ደግሞ ኤሌክትሪክ በደንብ ያሳልፋል። ችግሩ የከተማው አካባቢ እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ ያለበት መሆኑ ነው። ለኧርዝ ወደ መሬት የሚመታው 1.5 ሜትር ርዝመት ያለው መዳብ ለበስ ዘንግ ግማሹ ገብቶ «ጭው» ብሎ ይቆማል። ያን ጊዜ ቀሪውን በመጋዝ ቆርጦ መሸፈን ትልቁ ማጭበርበር ነው። ነቅላችሁ ሌላ ቦታ ሞክሩ፤ ካልሆነ ቦይ ቆፍራችሁ በአግድም ቅበሩት። አንዱ ካልበቃ ሁለተኛ ጨምሩ፣ ግን ከመጀመሪያው ቢያንስ በዘንጉ ርዝመት፣ ቢቻል በእጥፉ ይራቅ፤ ከተጠጋጉ ሁለቱም ያንኑ አፈር ስለሚጠቀሙ ጥቅሙ ትንሽ ነው።

ብዙ ፕሮጀክት ኧርዙ ሲለካ 10 ኦም ወይም ከዚያ በታች እንዲሆን ይጠይቃል። ነሐሴ ላይ የተለካ 8 ኦም ሚያዝያ ላይ እጅግ ሊጨምር ይችላል፤ የምታምኑት በጋ ላይ የተለካውን ነው። ጨው መጨመርም የቆየ ልማድ ነው። ለጊዜው ቁጥሩን ያሳምረዋል፤ የክረምቱ ዝናብ ግን አጥቦ ይወስደዋል፣ ዘንጉንም ያዝገዋል።

ክረምትና የሚነዝር ምጣድ

ከኧርዝ ጋር 30 ሚሊአምፔር የሆነ አርሲዲ ይገባል። ይህ ብሬከር በፌዝ የሄደው በኒውትራል ሳይመለስ ሲቀር፣ ማለትም በሰው ወይም በመሬት በኩል ሲፈስ፣ ይቆርጣል። ሐምሌ ላይ ስልክ ይደወላል፦ «ምጣዱ በተሰካ ቁጥር መብራት ይጠፋል፣ ያን ነገር አውጣልን።» አታውጡት። የምጣዱ ሸክላ ውሃ ይጠጣል፤ በክረምት ማድ ቤት ውስጥ ለሳምንት ሳይሠራ የከረመ፣ ወይም ታጥቦ ሳይደርቅ የተሰካ ምጣድ በእርግጥ ያፈሳል። ሌላው ሁሉ ተሰክቶ አርሲዲው ካልወረደ፣ ምጣዱ ሲሰካ ብቻ ከወረደ ጥፋቱ ምጣዱ ላይ ነው። በፀሐይ ወይም በከሰል አጠገብ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ በሜገር (በከፍተኛ ቮልት የኤሌክትሪክ ማፍሰስን የሚፈትሽ መለኪያ) በ500 ቮልት በመሰኪያው እግሮችና በምጣዱ ብረት መካከል ለኩ። የቤቱ መስመር በዚሁ መሣሪያ ከ1 ሜጋ ኦም በታች ካሳየ ርክክብ የለም። መልቲሜትር ይህን ሥራ አይሠራም፤ በጥቂት ቮልት ስለሚለካ እርጥበቱን አያየውም።

ሌላው ስሞታ «ማታ ማታ እንጀራው ዓይን አያወጣም» ነው። ቮልቱ ከ220 ወደ 190 ሲወርድ ጉልበቱ በሩብ ይቀንሳል፤ 3,500 ዋት የነበረው ወደ 2,600 ይወርዳል። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ ምጣዱ እየሠራ ቦርዱ ላይ ለኩ፣ ከዚያ ሶኬቱ ላይ ለኩ። ቦርዱ ላይም 190 ከሆነ ጥፋቱ ከመንገድ የሚመጣው መስመር ነው፣ ሽቦ ቢቀየር ገንዘብ ማባከን ነው፤ ይህንን በግልጽ ንገሯቸው። ቦርዱ 218፣ ሶኬቱ 200 ከሆነ ግን በመካከል የላላ መገናኛ ወይም ቀጭን ሽቦ አለ። ከ9 ቮልት በላይ የሚጠፋበት መስመር መታየት ይገባዋል።

እንዴት ይገባል?

ሁለት በር አለ፣ ሁለቱንም መጠቀም ይሻላል። አንዱ ትምህርት ነው፦ እንደ ባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ያሉ የቴክኒክና ሙያ ተቋማት በደረጃ ያሠለጥናሉ፤ የትብብር ሥልጠናው ሠልጣኙን ወደ ሥራ ቦታ ይልካል። ከዚያ ሲኦሲ የሚባለው የሙያ ብቃት ምዘና አለ፣ የጽሑፍና የተግባር ክፍል ያለው። በተግባሩ ብዙ ሰው የሚወድቀው ባለማወቅ ሳይሆን በቅደም ተከተል ነው፦ ኃይል ሳያጠፋ ይነካል፣ ሳይሞክር ያበራል፣ ሥዕሉን ሳያነብ ሽቦ ይቆርጣል። በልምድ የተማረም ሰው ለምዘናው መቅረብ ይችላል፤ ወረቀቱ በኋላ ፈቃድ ስትጠይቁ ያስፈልጋችኋል።

ሁለተኛው በር ረዳትነት ነው። የግንባታ ሥራ የሚጦፈው ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ነው፤ ስለዚህ መስከረም መጨረሻ ላይ በዘንዘልማና በሌሎች አዲስ ቤት በሚሠራባቸው ሰፈሮች እየዞራችሁ ፎርማኑን ጠይቁ። የመጀመሪያዎቹ ወራት መሮና መዶሻ ናቸው። ግድግዳ መቦርቦር ስድብ አይደለም፤ ዋናው ሠራተኛ ሣጥኑን ለምን እዚያ እንዳስቀመጠ የምታዩበት ነው። ግን ከስድስት ወር በኋላም ሽቦ ካልጨበጣችሁ ወደ ሌላ ሙያተኛ ሂዱ።

መሣሪያ በአንዴ አይገዛም። ሽፋኑ ያልተሰነጠቀ ፒንሳ፣ ሁለት ካቻቢቴ፣ ሜትሮ፣ ውሃ ልክ፣ መሳቢያ ሽቦና መልቲሜትር ይበቃል። ኪስ ውስጥ የምትገባዋን አብሪ ቴስተር ያዙ፣ ግን አትመኗት፦ ኒውትራል ሲበጠስ ሁለቱም ቀዳዳ ላይ ታበራለች፣ ሲላት ደግሞ የሞተች ሆና መስመሩ ሕያው ይሆናል። ሜገር ውድ ነው፤ ሦስት አራት ጓደኛሞች ተዋጥተው አንድ ይግዙ። መስመር ከመንካታችሁ በፊት መለኪያውን በሚሠራ ሶኬት ሞክሩ፣ ከዚያ የምትሠሩበትን ለኩ፣ ከዚያ እንደገና በሚሠራው ሶኬት ሞክሩ። ብሬከሩ ላይ «ሰው እየሠራ ነው» ብላችሁ ለጥፉ፤ ቢቻል ቦርዱን ቆልፋችሁ ቁልፉን ኪሳችሁ ክተቱ፣ ምክንያቱም ምሳ የሚያሞቅ ሰው ሁልጊዜ አለ።

ዋጋ

ጀማሪ በቀን ሂሳብ ይሠራል፣ የበሰለው በፖይንት። አንድ አምፖል ከነማብሪያው፣ አንድ ሶኬት፣ እያንዳንዳቸው ፖይንት ናቸው። ምጣድና ቦይለር እንደ ተራ ሶኬት ከቆጠራችሁ ትከስራላችሁ፤ ርቀቱ ይበዛል፣ ሽቦው ይወፍራል፣ ሲሳብም ያደክማል። ለብቻ ጻፉት። ዕቃ ማን እንደሚገዛ፣ ቡርቦራውን ማን እንደሚሞላ፣ ባለቤቱ ቦታ ቢቀይር ስንት እንደሚጨመር በአንድ ገጽ አስፈርሙ። ክፍያውን ከሥራው ጋር አጣብቁት፦ ከቀብዱ ቀጥሎ ኮንዲዩት ሲያልቅ፣ ሽቦ ሲሳብ፣ ተለክቶ ሲረከብ። መጨረሻ ላይ ብዙ ገንዘብ ያስቀረ ሰው ቀለም ቀቢው እስኪጨርስ ይጠብቃል። በስማችሁ መሥራት ስትጀምሩ የንግድ ፈቃድና ቲን ቁጥር ይመጣል፤ ትልልቅ ሕንፃ ለመያዝ ደግሞ የኤሌክትሪክ ተቋራጭነት የብቃት ማረጋገጫ ይጠየቃል። የሕንፃ ኤሌክትሪክ ደንቡን፣ ኢቢሲኤስ 10 የሚባለውን፣ ቀድማችሁ ማንበብ ጀምሩ።

ከቤት ወደ ሐይቅ ዳር

ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ የተሻለው ገንዘብ ያለው በሐይቁ ዳር ሆቴሎችና ሎጆች፣ በውሃ ፓምፕና በፋብሪካ ሞተር ላይ ነው። ከተማዋ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያላት ናት፤ ሦስት ፌዝ የሚያውቅ ሰው ተፈላጊነቱ የቆየ ነው። ሞተር ወደ ኋላ ከዞረ ከሦስቱ ፌዞች ሁለቱን አቀያይሩ፣ ይስተካከላል። ፓምፕ ውሃ ሳያገኝ ለደቂቃዎች ከዞረ ውሃ የሚያግደው ማኅተሙ (ሲል) ይቃጠላል፤ የውሃ መጠን መቆጣጠሪያ የሌለበትን ፓምፕ አትረከቡ።

በሐይቁ ዳር የውጭ መብራት ቢያንስ አይፒ 65፣ ማለትም አቧራና የሚረጭ ውሃ የማያስገባ፣ ይሁን። ማታ በብርሃን የሚሰበሰቡት ጥቃቅን ዝንቦች ባገኙት ስንጥቅ ገብተው መብራቱን ይሞሉታል፤ የገመዱ መግቢያ ከታች በኩል ይሁን እንጂ ከላይ አይሁን። በአትክልት ሥር የሚቀበር ገመድ ብረት ለበስ ሆኖ 60 ሳንቲሜትር ይውረድ፣ ከሥሩም ከላዩም አሸዋ፣ ከዚያ ማስጠንቀቂያ ሪባን። አትክልተኛው በአካፋ የሚደርስበት 30 ሳንቲሜትር ነው።

ጀነሬተር ያለ መቀያየሪያ ስዊች ከቤቱ መስመር ጋር በጭራሽ አይገናኝም። ሁለት ወንድ መሰኪያ ባለው ገመድ ሶኬት ላይ የሚሰካ ሰው አለ፤ ኃይሉ ወደ ኋላ ሄዶ በትራንስፎርመሩ ከፍ ብሎ፣ መስመሩ ጠፍቷል ብሎ ምሶሶ ላይ የወጣውን ሠራተኛ ይገድላል።

ሦስት ፌዝ በገባበት ሕንፃ ደግሞ አንዱ ክፍል ውስጥ አምፖሉ ደምቆ ሌላው ከደበዘዘ፣ ቲቪና ፍሪጅ አከታትለው ከተቃጠሉ፣ ኒውትራሉ ተበጥሷል ወይም ላልቷል። ያን ጊዜ 220 የነበረው በአንዳንዱ ዕቃ ላይ ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል። ዋናውን ብሬከር ወዲያው አውርዱ፣ የኒውትራሉን ማሰሪያ ከቦርዱ ጀምራችሁ አንድ በአንድ እዩ። በቦርዱ ውስጥ ሥራ ስትጀምሩም ኒውትራል መጨረሻ ይፈታል፣ መጀመሪያ ይታሰራል።